ወደ ቀኝ የተኛችው በለስ

"ዐይንሽን ጨፍኚ" አለቻት ሎሬዳና።

ፊሎሜና ዐይን ጨፍኚ መባል አትወድም። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ባሏን ከቀበረች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ እህቷ ካለችበት ከሞንትሪያል በአውቶቡስ ስትመጣ ወገቧ ተቆራርጧል። ቢሆንም ልጇ ናትና ጨፈነችላት። ሎሬዳና ከኋላ ትከሻዋን ይዛ በወጥ ቤቱ በኩል አሳለፈቻት፤ ሦስቱን የጓሮ ደረጃዎች አንድ በአንድ አወረደቻትና አቆመቻት። ፊሎሜና ከጫማዋ ስር አፈር ስትጠብቅ ድንጋይ ቀጭ አለባት።

"አሁን ግለጪ!"

ገለጠች። ባሏ ኮሲሞ አርባ አንድ ዓመት የቆፈረው ጓሮ የለም። የፎሶሊያው መደገፊያ የነበሩት የተሰባበሩ የሆኪ ዱላዎች የሉም። የቲማቲሙ መደብ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ሰማያዊ በርሜል፣ በሽቦ የተጠጋገነው የሽንኩርት አጥር፣ አንዱም የለም። በቦታው የሌላ ሰው ጓሮ ተቀምጧል። በአጥሩ ጥግ ጥግ ወገብ የሚደርሱ ሦስት የእንጨት ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ ሰላጣና ቆስጣ ተተክሎባቸዋል። በሣጥኖቹ መሐል ሐምራዊና ቢጫ አበባ ተርታውን ይዟል። የቀረው መሬት ግራጫ ጠፍጣፋ ድንጋይ በክብ ተነጥፎበት፣ ድንጋዩ ላይ መደገፊያ ያለው ረጅም የእንጨት መቀመጫ፣ መቀመጫው ላይ ሁለት አረንጓዴ ትራስ።

"አትክልቱን ሳትጎነበሺ ትለቅሚያለሽ፤ ለጉልበትሽ ብዬ ነው ከፍ ያስደረግኩት" አለች ሎሬዳና። ትንፋሽ አጥሯታል። "አበባው ከአትክልቱ ጋር ሲሆን ተባይ ያባርራል ብለውኛል። ይሄ ደግሞ ያንቺ ነው። መቀመጫሽ።"

ሎሬዳና አርባ አምስት ዓመቷ ነው። የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ሰው ሁሉ ፈርቶ የሚገባበት በር ላይ ፈገግ ብላ ስለምትውል ፈገግታዋ ቶሎ አይጠፋም። ፈገግ እንዳለች የእናቷን አፍ ጠበቀች።

ፊሎሜና መጀመሪያ ያየችው በሶብላውን ነው። በአፕሪል ወር፣ በቶሮንቶ፣ ውጭ የተተከለ በሶብላ! ብርዱ መትቶት ከወዲሁ ጠቁሯል። ይህን የተከለው ሰው ምንም የማያውቅ ሰው ነው አለች በልቧ። ከዚያ ዐይኗ ሌላ ነገር መፈለግ ጀመረ።

"በለሷስ?" አለች።

በዚህ ሰፈር ያለ፣ ከደቡብ ጣሊያን የመጣ ካላብሪያዊ ሁሉ በለስ አለው፤ የሌለው ካለም አናወራለትም። በለስ ደግሞ የዚህን አገር ክረምት አይችልም። ስለዚህ በየኖቬምበሩ ቅርንጫፎቹ ይታሰራሉ፣ በአንድ ጎን ያለው ሥር ይቆረጣል፣ ዛፉ በገመድ እየተሳበ ከጎኑ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይተኛል። ሳንቃ ይደረግበታል፣ አፈር ይለብሳል፣ በረዶው ከላዩ ይቆለላል። ፋሲካ ሲያልፍ ይወጣና ይቆማል። የኮሲሞ በለስ ከአባቱ ቤት ደጃፍ ተቆርጣ፣ በእርጥብ ካልሲ ተጠቅልላ፣ በሻንጣ የመጣች ናት። ፋሲካ ካለፈ ስድስት ቀን ሆኖታል። ፊሎሜና እህቷን ከነታመመ ጉልበቷ ጥላ የመጣችው እሷን ለማውጣት ነው፤ ሌላ የሚያቻኩላት ነገር አልነበረም።

"የት ትሄዳለች? ያውልሽ!" ሎሬዳና ወደ ግራ ጠቆመች። ከግራው አጥር ስር ድንጋይ ያልነካው ባዶ መሬት አለ፤ መሐሉ ጉብ ያለ፣ ዙሪያው በትንንሽ ችካልና በቀይ ክር የታጠረ። "ጓሮውን የሠራልኝን ትሬቨርን፣ 'እዚህች ጋ እግርህን እንዳታሳርፍ፣ እገልሃለሁ' አልኩት። አባዬ የሚቀብራትን ቦታ እኔ ላጣው? ልጅ ሆኜ ስንት ዓመት ገመድ ይዤለታለሁ! ነገ አብረን እናወጣታለን ብዬ እኮ ነው የጠበቅኩሽ።"

ፊሎሜና ጉብታውን አየችው። ከጉድጓድ የተረፈ አፈር ነው። ራሷ ናት በአካፋ እየዛቀች እዚያ የቆለለችው። ዐይኗን ከጉብታው ወደ ቀኝ መለሰች፤ ክሩን አለፈች፣ የድንጋዩን ጠርዝ አለፈች፣ ወንበሩ ላይ ተከለችው።

"ከድንጋዩ ስር ምን አደረገበት?"

"ማን? ትሬቨር? ጥቁር ጨርቅ ነገር፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ። እንዳይሰምጥ ደግሞ በማሽን ጠቀጠቀው። እማዬ፣ ብታይ! ወጥ ቤት ያለው ብርጭቆ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ..."

"ጠቀጠቀው?"

"ሁለት ቀን ሙሉ።"

"እግዚአብሔር ይይልሽ" አለች ፊሎሜና። "እግዚአብሔር ይይልሽ ሎሬዳና! እላይዋ ላይ ነው የጠቀጠቃችሁት! ከዚህ ወንበር ስር ናት!"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኮሲሞ ከኦገስት ጀምሮ ሰውነቱ እየቀለለ ሄዷል፤ ሳንባው ነው። ኖቬምበር ሲመጣ ማንንም ሳይጠራ ከጠዋት ጀምሮ ብቻውን ቅርንጫፎቹን ሲያስርና ሲጠቀልል ቆየ። ከዚያ አካፋውን ይዞ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሄደ። በግራ በኩል ያለው መሬት ጭቃው ድርቅ ያለ፣ የጎረቤት ትልቅ ዛፍ ሥር የገባበት ነው። ሁለት ጊዜ ዛቀና መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊሎሜና በወጥ ቤቱ መስኮት ታየው ነበር። ብዙ ከቆየ በኋላ ተነሥቶ ወደ ቀኝ፣ ቲማቲም ወደነበረበት ለስላሳ አፈር ዞረና እዚያ መቆፈር ጀመረ። ሲጨርስ ጠራት።

"ነይ ገመዱን ያዢ።"

"ወደ ቀኝ?"

"ያዢ ብዬሻለሁ።"

ያዘች። ከላይ የምድር ቤቱን አሮጌ በር አስተኙበትና አፈር አለበሱት። ኮሲሞ ላቡን ጠርጎ፣ "ለአርካንጄሎ እንዳትነግሪ" አላት። ቀጥሎም፣ "ለማንም" አለ።

አርካንጄሎ የአጥር ጎረቤታቸው ነው፤ ከአንድ መንደር የመጣ፣ ሎሬዳናን ክርስትና ያነሣ። የራሱን በለስ ሁልጊዜ አፈሩ ወደ ለሰለሰበት ወደ ቀኝ ነው የሚያስተኛት። ኮሲሞም አርባ ዓመት ሙሉ በአጥሩ ላይ ተደግፎ "የሰነፍ ቀብር" ሲለው ኖሯል። እንግዲህ ያንን አፉን ይዞ፣ እሱ ራሱ ወደ ቀኝ ዞረ ሊባል ነው? የሰውዬው ኩራት ይህችን ታህል ነበረች፤ ፊሎሜናም ይህችን ያህሉን ጠበቀችለት። ሲሞትም ጠበቀችለት። ለልጇ እንኳ አልነገረችም።

ይህን ባሰበች ቁጥር ደሟ ይበልጥ ይፈላል። በራሷ ላይ የሚፈላው ደም ደግሞ መውጫ ስለሚያጣ ዞሮ ልጇ ላይ ይፈስሳል።

"ለምን አልጠየቅሽኝም? ስልክ የለሽም? በየቀኑ 'የእትዬ ጉልበት እንዴት ነው' እያልሽ ስትደውዪ፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን 'ጓሮውን ልነካው ነው' ብትዪ ምላስሽ ይቆረጥ ነበር?"

"ሰርፕራይዝ ነዋ! ጠይቄሽ ምኑን ሰርፕራይዝ ይሆናል?"

"ዘንድሮ ድንገተኛ ነገር ጠግቤያለሁ! እስከዚህ ድረስ!" አንገቷን በእጇ ለካች።

"አንቺው አይደለሽ ያልሽው?" ሎሬዳናም ድምፅዋ ወጣ። "በቀብሩ ምሳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ 'አርባ አንድ ዓመት እዚህ ጓሮ ውስጥ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላውቅም' አላልሽም? አልቅሰሽ አልተናገርሽም? እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም!"

ብላለች። ሐሰት አይደለም። ወንበር አውጥታ ጥላ ስር ለመቀመጥ በጠየቀች ቁጥር ኮሲሞ "ለመቀመጥ ሳሎን አለልሽ፤ ይሄ መሬት ነው" ይላት ነበር። በዚያ ቀን ከሐዘኑ ጋር ይህ ቁጭት አብሮ ገንፍሎባት ተናግራዋለች። አሁን ግን የገዛ ቃሏ ድንጋይ ሆኖ እግሯ ስር ተነጥፎ ስታየው የባሰ ተናደደች።

"ወንበር አማረኝ አልኩ እንጂ፣ ወንበሩን እላይዋ ላይ ትከሉ አልኩ? ድሮም የአባትሽን ዕቃ መወርወር ልማድሽ ነው! ክራቫቱንም እንዲሁ..."

የሎሬዳና ፈገግታ ይሄኔ ነው የጠፋው።

"ክራቫቱን እንዳታነሺ" አለች ቀስ ብላ። "ያን ለት መቶ ጊዜ ነግሬሻለሁ። አልወሰድኩትም።"

በቀብሩ ጠዋት ፊሎሜና የሠርጋቸውን ክራቫት ፈልጋ አጥታ ነበር፤ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ነጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት ሐር። ሦስት መሳቢያ ገልብጣለች። አስከሬኑ እየጠበቀ፣ በመጀመሪያው የበረዶ ማዕበል ጊዜ ሎሬዳና ለቤተ ክርስቲያን ያወጣችው የአሮጌ ልብስ ከረጢት ትዝ አላትና በዘመድ ፊት ጮኸችባት። ሎሬዳና እያለቀሰች ሮጣ ግራጫ ክራቫት ገዝታ መጣች። ኮሲሞ በዚያ ባላወቀው ግራጫ ክራቫት ተቀበረ። ስለዚያ ጠዋት ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ሎሬዳና ስልኳን አውጥታ ትሬቨር ጋ ደወለች፤ እናቷ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አደረገችው። ትሬቨር ቅን ሰው ይመስላል። እስከ ቀጣዩ ወር አጋማሽ ሥራ እንደተያዘበት ነገራት። ድንጋዩ ከተነሣ መልሶ ለማስተካከል አስቸጋሪ እንደሚሆን ነገራት። "ደግሞ ለበለስ ብላችሁ?" አለ። "ያን ያህል ከተጠቀጠቀ መቼም አልቆለታል። ችግኝ ቤቶች ጋ ሞልቷል እኮ፣ አዲስ ግዙላቸው።"

"ቆይ፣ እናቴ እየሰማችህ ነው" አለች ሎሬዳና ተደናግጣ።

"ሰምቼዋለሁ" አለች ፊሎሜና። "ንገሪው። ባልሽም ሲሞት ሱቅ ሄደሽ አዲስ ግዢ ይበለኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ።"

ሎሬዳና ስልኩን ዘጋችው።

ፊሎሜና የዕቃ ቤቱን በር ከፈተች። እዚያ እንኳ ሥርዓት አስገብተውበታል፤ መሣሪያው ሁሉ በመጠን በመጠኑ ተሰቅሏል። የኮሲሞን ረጅም መፈንቀያ ብረት ከነዝገቱ አገኘችው። የሐዘን ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች፣ የመንገድ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ሳይወርድ፣ ብረቱን እየጎተተች መጥታ የወንበሩን ትራሶች አንድ በአንድ ወርውራ አበባው ላይ ጣለቻቸው።

"እማዬ፣ ወገብሽ!"

"ወገቤን ተይው!"

የብረቱን ጫፍ በሁለት ድንጋይ መሐል ሰክታ ተንጠለጠለችበት። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። ትሬቨር ሥራውን ጥሩ አድርጎ ሠርቷል፤ ይህም አናደዳት።

"አበልጄ! እንኳን ደህና ገቡ!" የሚል ድምፅ ከግራው አጥር በላይ መጣ። አርካንጄሎ ነው፤ ከአፍንጫው በላይ ያለው ብቻ ይታያል። "ምነው? ምን በደለዎት ያ የመሰለ ድንጋይ?"

"ከስሩ በለሷ አለች።"

"የለም የለም፣ በለሷማ ይቺውና ከአጥሬ ስር! እኔው ነኝ በየቀኑ ያየሁላት። ያንን ማሽን ሲነዱ፣ 'ወዲህ እንዳታልፉ' እያልኩ ስጮህ ነው የከረምኩት።"

ፊሎሜና ብረቱን ተደግፋ ቆመች። ለማንም ብሏታል። መጀመሪያ ደግሞ የከለከላት ይህንኑ ሰው ነው። ኮሲሞ ይቅር ይበለኝ አለች፤ ባይለኝም የራሱ ጉዳይ ነው።

"ባለፈው ወደ ቀኝ ነው ያስተኛት" አለች።

አርካንጄሎ እስከ አገጩ ድረስ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

"ወደ ቀኝ?" አለ አርካንጄሎ። "ማን? ኮሲሞ? ኮሲሞ ወደ ቀኝ?" ከዚያ ሳቁ መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ኋላ አጥሩ እስኪነቃነቅ። "ኧረ በማርያም! አርባ ዓመት ሙሉ 'የሰነፍ ቀብር፣ የሰነፍ ቀብር' ሲለኝ! ልጆቼ ፊት! ቄሱ ፊት! ወደ ቀኝ!"

"ይሳቁ!" አለች ፊሎሜና። "ደግ አደረጉ፣ ይሳቁ! አካፋ ማንሳት አቅቶት ነው ወደ ቀኝ የሄደው! ሁለቴ ዝቆ እዚች ጋ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ እንደ ሕፃን! ቀኑንም የመረጠው እርስዎ ለዐይንዎ ሐኪም ቤት የሄዱ ለት ነው፤ እንዳያዩት ብሎ። እንደዚያ ሆኖ እንዳያዩት! አሁን ይሳቁለት!"

ሳቁ ተቆረጠ። የአርካንጄሎ ራስ ከአጥሩ ላይ ጠፋ። ሄደ፣ ተቀየመ አለች ፊሎሜና በልቧ፤ ይቀየም፣ የት አባቱ። ጥቂት ቆይቶ የጎን በሩ ሲጥ ሲል ሰማች። አርካንጄሎ ዶማ በትከሻው፣ ቆቡ በእጁ ሆኖ ገባ። ዐይኑ ቀልቷል።

"የቱን ነው መጀመሪያ የምናነሣው?" አለ።

ወንበሩን ከአርካንጄሎ ጋር ሆነው ጎትተው ሣጥኖቹ ጋ አስጠጉት። አንዱ ሣጥን ተላተመና አፈሩ ፈሰሰ። ሎሬዳና ደረጃው ላይ ቆማ ታያለች፤ ሦስት ሳምንት ያወጣችው ያወረደችው፣ በወረቀት ሥላ በከለር ያቀለመችው ነገር በዐይኗ ፊት ሲፈርስ። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲነሣ አፏን በእጇ ያዘች። ሁለተኛው ሲነሣ ጫማዋን አውልቃ ወረደች።

"ስጪኝ ብረቱን" አለች።

"አልሰጥም።"

"ስጪኝ አልኩሽ! አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምትናደጂው? ላንቺ ባል ነው የሞተብሽ፣ ለእኔ ግን አባቴ ነው! በሳምንቱ ቁልፉን ጣልሽልኝና ሞንትሪያል ሄድሽ። ማን አለኝ? ከሥራ ወጥቼ ወዴት ልሂድ? እዚህ እየመጣሁ ባዶ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ እላለሁ፤ በመስኮቱ ያንን የሆኪ ዱላ አያለሁ። ማበድ ነበር የቀረኝ! አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ፤ አደረግኩ! አጠፋሁ! በቃ፣ አጠፋሁ!"

ፊሎሜና እጇን ከብረቱ ላይ አላላች። የእህቷ ጉልበት ምክንያት እንጂ ሌላ እንዳልነበር፣ ከዚያ መስኮት ሸሽታ እንደሄደች፣ የሸሸችበትን መስኮት ለልጇ ትታላት እንደሄደች ታውቃለች። ብረቱን አቀበለቻት።

"በዚያ ጠርዝ በኩል አስገቢው" አለቻት። "በዚህ ከሆነ ይሰበራል።"

ድንጋዩ አለቀ። አሸዋው ተዛቀ። ጠጠሩ ግን የማያልቅ ሆነባቸው፤ አርካንጄሎ በዶማ ሲያስለቅቅ እናትና ልጅ በባልዲ ያወጣሉ፣ ያወጡትን ደግሞ የትም ይደፉታል። አበባው ላይ ደፉበት። ሰላጣው ላይ ደፉበት። ጥቁሩን ጨርቅ ሎሬዳና በጥርሷ ጭምር ቀደደችው። ከስሩ አፈር መጣ፤ ተጠቅጥቆ ጡብ የሆነ አፈር። ከዚያ ዶማው ቋ አለ።

"በሩ" አለች ፊሎሜና።

ኮሲሞ ወይኑን የሚጠምቅበት የምድር ቤት በር ነው፤ እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ የለም። አፈሩን በእጃቸው ጠረጉለት። ከወገቡ በላይ ደኅና ነው። ከወገቡ በታች፣ ማሽኑ ደጋግሞ ያለፈበት ጋ፣ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ገብቷል።

"ሁለታችሁም በዚያ ያዙ" አለ አርካንጄሎ። "ቀስ። ቀስ አልኩ!"

ከጉድጓዱ የሻገተ የጨርቅ ሽታ ወጣ። በለሷ በብርድ ልብስ፣ በጆንያና በኮሲሞ አሮጌ የክረምት ካፖርት ተጠቅልላ ተጋድማለች። በሩ በተሰነጠቀበት በኩል ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች ተሰብረዋል፤ ስብራቱ ረጥቦ ጠቁሯል። ሎሬዳና እሱን ስታይ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተንበረከከችና "ገደልኳት" አለች።

"ዝም በይ እስቲ" አለች ፊሎሜና። ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች፤ ወገቧን ረስታዋለች። ከካፖርቱ ስር እጇን አስገብታ ግንዱን ዳበሰች። ቀዝቃዛ ነው። በአውራ ጣቷ ጥፍር ልጡን ፋቀችው። ቡናማ ወጣ። ትንሽ ዝቅ ብላ እንደገና ፋቀች፣ ጠለቅ አድርጋ፣ ጥፍሯ እስኪነቀል። አረንጓዴ ወጣ። ነጭ ወተቷ በጣቷ ላይ ጠብ አለ።

"አለች!" ብላ ጮኸች። የደስታ ጩኸት አልነበረም፤ ዘግይቶ ቤት የገባ ልጅ ላይ የሚጮኹት ዓይነት ነው። "አለች! ገመድ አምጡ!"

አርካንጄሎ ከላይ በገመድ ሳበ፤ ሎሬዳና ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ በትከሻዋ ደግፋ ወደ ላይ ገፋች፤ ፊሎሜና ሥሩ ጋ አፈር እየመለሰች በእግሯ ረገጠች። ሦስቱም ይሰዳደባሉ። "ሳቡ እንጂ!" "እየሳብኩ አይደል!" "ወደኔ አይደለም፣ ወዲያ!" "አርባ ዓመት እንዲህ እያላችሁ ነው የምታወጧት?" "ከዚህም ይብሳል!" በለሷ ተንገዳግዳ ቆመች። ሁለት ክንዷ የጎደለ፣ ካፖርት የለበሰች፣ ጎንበስ ያለች።

"እንፍታት" አለ አርካንጄሎ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

ካፖርቱ ወረደ። ጆንያው ወረደ፣ ብርድ ልብሱ ወረደ። ከስር ቅርንጫፎቹ ተሰብስበው ታስረዋል። ጫፋቸው ላይ ብርሃን ያላየ ነጭ ቡቃያ አውጥተዋል። ከላይና ከታች የታሰሩት በሲባጎ ነው። መሐል ላይ፣ ሁሉም ቅርንጫፍ በሚገናኝበት ጋ፣ የታሰሩት በክራቫት ነው። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ነጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት። ቋጠሮው እንደ ሠርጉ ቀን ተስተካክሎ የታሰረ ነው።

አርካንጄሎ አንድ ጊዜ አየው፤ አንድ ጊዜ ሴቶቹን አየ። ዶማውን አንሥቶ በጎን በሩ ወጣ።

"አልወሰድኩትም" አለች ሎሬዳና። የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው የወጣት።

ፊሎሜና ክራቫቱን ያዘችው። ረጥቧል። ቋጠሮውን ልትፈታ ሞከረች፤ እንቢ አላት። ይሄኔ ሦስት ወር ሙሉ የት እንዳለ ያላወቀችው ንዴት መጣባት።

"አንተ ደነዝ!" አለችው ዛፉን። "ገመድ ሞልቶ! ዕቃ ቤት ሙሉ ገመድ ተንጠልጥሎ! በሐር ክራቫት ዛፍ ይታሰራል? የማን ቀልድ ነው ይሄ? ታውቅ ነበር! ዳግመኛ እንደማትለብሰው፣ ለፋሲካ እንደማትደርስ ታውቅ ነበር፤ አውቀህ ነው ለሷ ያሰርክላት! ለኔ አንዲት ቃል አልነገርከኝም! 'ገመዱን ያዢ'! 'ለማንም እንዳትነግሪ'! ይቺን ብቻ! እንደ ባንክ ሠራተኛ ግራጫ ክራቫት አድርጌ ነው የቀበርኩህ! ልጄን በሰው ፊት ሌባ አስባልከኝ! አንተ... አንተ..." የሚበቃው ስድብ አጣች። ግንዱን በጥፊ መታችው። ከዚያ ግንባሯን አስደግፋበት አለቀሰች።

ሎሬዳና አልነካቻትም። ጭቃ በጭቃ ሆና ቆማ ጠበቀች።

ፊሎሜና በቀሚሷ እጅጌ አፍንጫዋን ጠርጋ ዞረች። "አልወሰድሽውም" አለች።

"አልወሰድኩትም።"

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በዘመድ ፊት። ያን ለት።" ከዚህ በላይ መናገር አልለመደችም። ዙሪያዋን አየች፤ የጠጠሩ ክምር፣ የድንጋዩ ክምር፣ የተጨፈለቀው አበባ፣ ሣጥኖቹ ጋ ተላትሞ የቆመው ወንበር። ሄዳ ተቀመጠችበት። መደገፊያው ለጀርባዋ ልክ ነው፤ ይህንንም ልብ ብላ አስለክታው መሆን አለበት፣ ይቺ ልጅ። ከዚህ ሲያዩት በለሷ ፊት ለፊት ናት።

"ቁጭ በይ" አለች።

ሎሬዳና አጠገቧ ተቀመጠች። ባዶ እግሮቿ አፈር ለብሰዋል፣ ሦስት ጥፍሮቿ ተሰብረዋል። ሁለቱም ክራቫቷን ያሰረችውን ዛፍ ትክ ብለው አዩ።

"አህያ ነበር" አለች ሎሬዳና።

"ምን?"

"አባዬ። አህያ ነበር።"

ፊሎሜና አሰበችበት። "ግትር አህያ" አለች። "ሥራው ሁሉ እንዲህ ነበር። አንቺን የወለድኩ ለታ የት እንደነበር ነግሬሽ አውቃለሁ?"

"አልነገርሽኝም።"

"በሰው ጓሮ ቲማቲም ሊተክል ሄዶ ነዋ!"

ሎሬዳና ወደ እናቷ ዞረች፤ እግሯን ወንበሩ ላይ አጠፈች። ፀሐይዋ ከአርካንጄሎ አጥር ወዲያ እስክትወርድ ድረስ ሁለቱ እዚያ ቁጭ ብለው፣ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አንድም ሳያስቀሩ፣ ተራ በተራ ሰደቡት።